ግልጽ ደብዳቤ፦ ወጪው ተሸፍኖላችሁ መጋበዝ ለምትፈልጉ የጉዞ ጸሐፊዎች

በአገር ቤትም በውጭም ሆናችሁ በአማርኛ ስለ ጉዞ ለምትጽፉና ለምትቀርጹ ሁሉ

ግልባጭ፦ ለቱሪዝም ቢሮዎች፣ ለሆቴሎች፣ ለሎጆችና ለአስጎብኚ ድርጅቶች የኮሙኒኬሽን ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የሚዲያ ጉብኝት ግብዣ አጠያየቅን ይመለከታል

ወደ ሎጆችና ወደ ቱሪዝም ቢሮዎች የሚላኩትን «ጋብዙኝ» የሚሉ መልእክቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። «ሰላም፣ ቲክቶክ ላይ ይህን ያህል ተከታይ አለኝ። ቦታችሁን ላስተዋውቅላችሁ። ለሁለት ሰው ሦስት ሌሊት ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።» እንዲህ ያለ መልእክት መልስ አጥቶ የሚቀረው ተቀባዩ ስለሚንቃችሁ አይደለም። የኮሙኒኬሽን ሠራተኛው ጥያቄያችሁን ይዞ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ማን ያነበዋል? የት ይወጣል? መቼ? መልእክቱ ውስጥ ሦስቱም የሉም። ሠራተኛው የሚመልሰው ሲያጣ መልእክቱን ትቶት ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።

ከጋባዡ ወገን ሆናችሁ ሒሳቡን አንድ ጊዜ ሥሩት። ሩዋንዳ ውስጥ ጎሪላ የማየት ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ለአንድ የውጭ ጎብኚ 1,500 ዶላር ነው፤ ለዚያውም ከጎሪላዎቹ ጋር ለአንድ ሰዓት። አንድ ጋዜጠኛ በነፃ አስገባ ማለት ያንን ገንዘብ ተወው ማለት ነው። እኛም ዘንድ ስሜን ተራሮች የሚጋበዝ ሰው ባለ አራት ጎማ መኪና፣ ነዳጅ፣ ሾፌር፣ መሪ፣ ደባርቅ ላይ የሚመደብ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ የፓርክ መግቢያና ምግብ ያስፈልገዋል። ክፍሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ሌላው ሁሉ ከኪስ የሚወጣ ነው። ስለዚህ «ለእናንተ ምንም አያስወጣችሁም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤያችሁ አውጡት፤ የሚያነበው ሰው ደረሰኞቹን የሚፈርመው እሱ ነው።

ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነም ለዩ። የቡድን የሚዲያ ጉብኝት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥር ሰው የሚይዝ፣ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን የሚወስድ፣ ፕሮግራሙ ከደቂቃ እስከ ደቂቃ የተቆረጠ ጉዞ ነው። ጋባዡ ራሱ ስም ዝርዝር አውጥቶ ይጠራል እንጂ በጥያቄ እምብዛም አይገባበትም። የግል ጉብኝት ደግሞ ጽሑፍ ይዛችሁ፣ በራሳችሁ ቀን፣ ለራሳችሁ ርዕስ የምትጠይቁት ነው፤ ለጀማሪ የሚከፈተውም ይኸኛው በር ነው። ፋም ትሪፕ የሚባለው ግን ጉዞ ለሚሸጡ ወኪሎች የሚዘጋጅ ስለሆነ እሱን አትጠይቁ። «ለፋም ትሪፕ ልትጋብዙኝ» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሥራውን እንደማያውቅ በመጀመሪያው መስመር ተናገረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግብዣ ሲጠይቅ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። ብዙ ጋባዦች «ቱሪስት» ሲባል የሚታያቸው እንግሊዝኛ ወይም ጀርመንኛ የሚያነብ ፈረንጅ ነው። ገና ሲደርስ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ፣ ከስቶክሆልም የሚገባው ሰውስ? አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ከሳምንት በኋላ «ልጆቹን የት ልውሰዳቸው?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለገና አንድ ሚሊዮን ዳያስፖራ ወደ አገር ቤት እንዲመጣ መንግሥት ጥሪ ሲያደርግ ሆቴሎች የቅናሽ ዋጋ ለማውጣት የተሽቀዳደሙት ይህ እንግዳ እንደሚከፍል ስለሚያውቁ ነው። ይህን ሰው በአማርኛ የምታገኙት እናንተ ናችሁ፤ በርሊን ያለ መጽሔት አያገኘውም። ደብዳቤያችሁ ላይ መውጣት ያለበት ይህ ነው፦ አንባቢዬ እገሌ አገር ይኖራል፣ በዚህ ወር ይመጣል፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው፣ ይህን ያህል ቀን አለው።

ይህን የምታሳዩት በማስረጃ ነው። አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ሚዲያ ኪት ይሉታል። ላዩ ላይ ስማችሁና በሁለት መስመር ምን እንደምትጽፉ፤ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ወርኃዊ አንባቢ ወይም ተመልካች ቁጥር፤ ከዚያ አንባቢዎቹ የሚኖሩባቸው አምስት ዋና ዋና አገሮች በመቶኛ፤ ከሥር የሦስት ምርጥ ሥራዎቻችሁ ሊንክ። አሥር ሊንክ የላከ ሰው አንዱም አይከፈትለትም። ቁጥሩን የአንባቢ ብዛት ከሚታይበት ከራሱ ከአናሊቲክስ ገጽ ቀንን በሚያሳይ ስክሪንሾት አያይዙ። ተከታይ ብቻ ሳይሆን የተሳትፎ መጠንም ጻፉ፦ በአንድ ፖስት ላይ የተገኘው ላይክ፣ አስተያየትና ሼር ተደምሮ ለተከታይ ቁጥር ይካፈላል። 12,000 ተከታይ ኖሮት በአማካይ 300 የሚያገኝ ሰው 2.5 በመቶ አለው። 90,000 ተከታይ ይዞ 150 ላይክ የሚያገኘውን አካፍላችሁ እዩት፤ 0.2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ ጋባዦች ካወቁ ቆይቷል። በአማርኛ ለሚቀርብ ገጽ ግማሹ ተከታይ ከኢትዮጵያም ከኢትዮጵያውያንም ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው አገር ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከዚህም በላይ ክብደት ያለው አንድ ወረቀት አለ፤ የአርታኢ ደብዳቤ። ቅደም ተከተሉን ብዙዎች ይገለብጡታል። መጀመሪያ ግብዣውን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን የሚያወጣላቸውን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱንም ያጣሉ። መጀመሪያ ወደ አርታኢው ሂዱ። ሐሳቡን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ፣ «ጉዞው ከተመቻቸ ይህን ጽሑፍ በዚህ ወር እትም ለማውጣት ፍላጎት አለን፤ ጋባዡ በይዘቱ ላይ ሥልጣን አይኖረውም» የሚል አጭር ደብዳቤ በድርጅቱ ራስጌና ማኅተም ጠይቁ። ይህን ለመጻፍ አርታኢው አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ እናንተን ግን «ልምጣ?» ከሚለው ሕዝብ ለይቶ ያወጣችኋል። የራሳችሁን ገጽ ወይም ቻናል ብቻ የምታዘጋጁ ከሆነ በአርታኢ ደብዳቤ ፈንታ የሚቆመው ሥራችሁ ነው፦ በራሳችሁ ወጪ የሠራችኋቸው ቢያንስ አምስት ስድስት የተሟሉ የጉዞ ሥራዎች። ቅርብ ቦታም ይሆናል። ወንጪ፣ እንጦጦ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ አዳዲ ማርያም፣ ጢያ ከአዲስ አበባ በቀን ደርሶ መልስ የሚሠሩ ናቸው። መንገዱን፣ ዋጋውን፣ መጸዳጃውን፣ የቱ በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የጻፈ ሰው ሎጅም ቢገባ እንደዚያው እንደሚጽፍ ይታመናል።

የጥያቄው ደብዳቤ ራሱ ከ200 ቃል አይበልጥ። አንድ ናሙና እነሆ፤ ቦታው የባሌ ተራሮች ፓርክ ነው፣ ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ያለበት።

«ርዕስ፦ የሁለት ሌሊት ማረፊያ ጥያቄ፣ ከኅዳር 5 እስከ 7 (ኖቬምበር 14–16)፣ ለመጽሔት ጽሑፍ

ለበዓል ከውጭ ለሚመጡ ቤተሰቦች ‹ከልጆች ጋር ሳነቴ ላይ አንድ ቀን› የሚል የ1,500 ቃል ጽሑፍ ለጥር እትም እንዳዘጋጅ መጽሔቱ ተስማምቷል፤ የአርታኢው ደብዳቤ ተያይዟል። ከአንባቢዎቹ ግማሽ ያህሉ ሰሜን አሜሪካ ይኖራሉ፤ የአናሊቲክስ ገጹም ተያይዟል። የምጠይቀው ለአንድ ሰው ሁለት ሌሊት ከቁርስና እራት ጋር፣ እንዲሁም ለአንድ ቀን ወደ ሳነቴ የሚወስድ መኪና ነው። የአዲስ አበባ–ሮቤ ትኬት፣ የፓርክ መግቢያና ቲፕ በራሴ ነው። የማቀርበው አንድ ጽሑፍና 8 ፎቶ ነው። ማረፊያው ከእናንተ መሆኑ በጽሑፉ መግቢያ ላይ ይገለጻል፤ ይዘቱ የመጽሔቱ ነው። በእነዚህ ቀናት ክፍል ከሌላችሁ ከኅዳር 12 በኋላ ባለው ሳምንትም መምጣት እችላለሁ።»

ናሙናው ስለ ባሌ ውበት አንድም ቃል አይልም፤ ሎጁ ውበቱን ያውቀዋል። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡን፣ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ እዚያ እንደሚኖሩ ለጽሑፉ አስቀምጡት። ደብዳቤው የያዘው ቀን፣ ቁጥር፣ የሚጠየቅና የሚሰጥ ነው። ከፊሉን ወጪ መሸፈናችሁም ልብ ይባል፤ ሁሉን ከሚጠይቅ ይልቅ ግማሹን የሚጠይቅ ቶሎ እሺ ይባላል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ደውሉ፣ ከዚያ ተዉት። በቴሌግራም በየቀኑ «አያችሁት?» የሚል ሰው ስሙ ይያዛል፤ ለበጎ ግን አይደለም።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለጥምቀት ጎንደር፣ ለገና ላሊበላ ነፃ ክፍል መጠየቅ በበዓል ዋዜማ በግ በነፃ እንደመጠየቅ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥበት ብቸኛ ሳምንት እሱ ነው። በዓሉ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከአምስት ስድስት ወር በፊት ጠይቁ፤ ካልሆነ በዓሉ ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሂዱና ለሚቀጥለው ዓመት በዓል ዝግጅት የሚሆን ጽሑፍ ጻፉ። መጽሔቱም ሎጁም የሚወዱት ይህንን ነው። ለመንግሥት ቢሮ ስትጽፉ ደግሞ የበጀት ዓመቱን አስቡ። በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ነሐሴና መስከረም ላይ የዓመቱ ዕቅድ ትኩስ ነው፤ ግንቦት ላይ የሚደርስ ጥያቄ «በጀት አልቋል» የሚል እውነተኛ መልስ ያገኛል። የዓለም የቱሪዝም ቀን ሴፕቴምበር 27 ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከመስቀል በዓል ጋር ይገጥማል፤ በዚያ ሰሞን ቢሮዎቹ ጋዜጠኛ ይዘው ይወጣሉና ስማችሁ ከሐምሌ ጀምሮ ዝርዝራቸው ላይ መኖር አለበት። በውጭ የምትኖሩ ደግሞ ዓውደ ርዕዮቹን ተጠቀሙ፦ በማርች የበርሊኑ የጉዞ ዓውደ ርዕይ አይቲቢ፣ በኖቬምበር የለንደኑ የዓለም የጉዞ ገበያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል ወይም በሜይ የዱባዩ የአረቢያ የጉዞ ገበያ። እዚያ በየአገሩ ማሳያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው ግብዣውን የሚያስጀምረው። ቀጠሮ ሳትይዙ ግን አትሂዱ፤ የሃያ ደቂቃ ቀጠሮ ከሳምንታት በፊት ይሞላል።

አየር መንገድ የሚሰጠው መቀመጫ፣ ሆቴል የሚሰጠው ክፍል፣ ቢሮ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ለእያንዳንዱ የየራሱን ደብዳቤ ጻፉ፤ አንዱ እሺ ካለ ለሌላው ንገሩት። የቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ ይዛችሁ ፓርክ ብትደርሱ የሚመለከተው የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የቅርስ ቦታ ለመቅረጽ የቅርስ ባለሥልጣን፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ የደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ከሌለ የሚኒስትር ደብዳቤም ካሜራ አያስከፍትም። የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ ለዘገባ የምትገቡ የቱሪስት ቪዛ ይበቃናል ብላችሁ አትነሡ፤ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ድሮን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መምጣት ቦሌ ላይ አስረክቦ መግባት ነው።

ከተጋበዙ በኋላ ነገር የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ከውጭ ኤጀንሲ የመጣ ፕሮግራም ላይ «መነሻ 2:00» ተብሎ ቢጻፍ ሾፌሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ይቆማል፣ እንግዳው ከምሳ በኋላ መስሎት ተኝቷል። «ጠዋት 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8:00» ብላችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር። ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ የአያት ስም ካለ ትኬቱም ላይ ይኑር፤ ብዕር ስም ለጽሑፉ ብቻ ነው። ሦስተኛው ከፍታ። ከዱባይ የባሕር ጠለል ተነሥቶ በሁለተኛው ቀን ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ሳነቴን የሚወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዞት የተከፈለበት ቀን መኪና ውስጥ ያልፋል። ቢያንስ አንድ ሌሊት ጎባ ወይም ዲንሾ እንዲያድር ፕሮግራሙን አስቀይሩ። አራተኛው ጾም። የገና ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው፤ የምትጾሙ ከሆነ ለወጥ ቤቱ ከሳምንት በፊት አሳውቁ፤ በግ አርደው ከጠበቁ በኋላ «የጾም የለም?» ማለት ለሁለቱም ወገን መጥፎ ምሽት ነው።

የኢንሹራንሱን ጉዳይ ግን አስምሩበት። መንግሥታቸው «አትሂዱ» ብሎ ያስጠነቀቀበት አካባቢ ለሚገቡ ሰዎች ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶች አይከፍሉም። ጋባዡ «ሰላም ነው» ቢላችሁም ውሉን አንብቡ፣ መንገዱንም በዚያው ሳምንት ከተጓዙ ሾፌሮች ጠይቁ። በጽሑፋችሁም ውስጥ ያያችሁትን ያህል ብቻ ጻፉ፤ በአውሮፕላን ገብቶ በአውሮፕላን የወጣ ሰው ስለ አስፋልቱ ደኅንነት ምስክር መሆን አይችልም።

የምትከፍሉትን ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። መጠጥ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቲፕ፣ ቪዛና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በግብዣው ውስጥ የሉም። ያልተጋበዘ ጓደኛ ይዞ መምጣት የሚቀጥለውን ግብዣ በራስ እጅ መሰረዝ ነው። አበልን በተመለከተ በግልጽ እንናገር። ስብሰባ ላይ የተለመደው አበልና በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ እዚህም ገብቷል። ወጪው ተሸፍኖለት ሄዶ ተጨማሪ አበል የጠየቀ ጋዜጠኛ በጋባዡ መዝገብ ላይ «ጸሐፊ» ከሚለው ተራ ወጥቶ «የተከፈለ ማስታወቂያ» ተራ ይገባል፤ ከዚያም እንደ ማስታወቂያ ጽሑፉን ቀድሞ የማየት መብት ይጠየቃል። ጋባዡ ከመታተሙ በፊት ማየት የሚችለው ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ የስም አጻጻፍና ከፍታ ነው። ስለ ፍራሹና ስለ ፍል ውኃው የጻፋችሁት የእናንተ ነው።

ለአንባቢው መናገር ግዴታ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ነፃ ጉዞን መገለጽ ያለበት ጥቅም አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ ቪዲዮ ከሆነ ከሥር ባለው መግለጫ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮው ውስጥ መነገር አለበት። የሚጠቅም ቃል ይኸው፦ «የዚህን ጉዞ ማረፊያና መኪና የሸፈነው ሎጁ ነው፤ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አላየውም።» ከላይ ይቀመጥ፤ በሃሽታግ ክምር መካከል የተደበቀ አይቆጠርም። የምትጽፉበትን ተቋም ደንብም አስቀድማችሁ እወቁ። እንደ ኒውዮርክ ታይምስ ያለ ጋዜጣ የጉዞ ክፍሉ ከእንዲህ ዓይነት ግብዣ የተገኘ ጽሑፍ አይቀበልም፤ ዛሬ የተቀበላችሁት ግብዣ ነገ አንድ በር ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ሁለተኛ ግብዣ የሚገኘው ከመጀመሪያው በተመለሳችሁ ሳምንት ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አጭር ምስጋና፤ ጽሑፉ ሲወጣ በዕለቱ ሊንኩ፤ ከወጣ ከ30 ቀን በኋላ አንድ ገጽ ሪፖርት። ሪፖርቱ የአንባቢ ቁጥር፣ ከየት አገር እንደተነበበ፣ አንባቢዎች የጠየቋቸው ጥያቄዎች («ለልጅ አልጋ አለ?»፣ «በብር መክፈል ይቻላል?») ይኑሩበት። ጥያቄዎቹ ለሎጁ ከላይክ በላይ ይጠቅሙታል። ብዙ ሆቴሎች ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ ሁለት የዋጋ ዝርዝር አላቸው፤ ሁለቱንም ያልጻፈ ጽሑፍ ዳያስፖራውን እንግዳ መቀበያ ክፍል ላይ ያጣላዋል፣ ያ ጥልም ወደ እናንተ ይመለሳል። እትሙ ከዘገየ ቀድማችሁ አሳውቁ። ዝም ብሎ የጠፋ ጸሐፊ ስም በአስጎብኚዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ከመኪናው በፍጥነት ይጓዛል።

ግልባጭ ለደረሳችሁ ክፍሎች፦ ጥያቄ የሚቀርብበትን የኢሜይል አድራሻ በስም ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡ፤ «ኢንፎ» ከሚለው ሳጥን ማንም አያነብም። የምትፈልጉትን በዝርዝር ጻፉ፦ የአርታኢ ደብዳቤ፣ ቁጥር፣ ቀን። ፕሮግራሙን በመክፈቻ ንግግርና በመዋዕለ ንዋይ ገለጻ አትሙሉት፤ ለጸሐፊው ቢያንስ ግማሽ ቀን ብቻውን የሚዞርበት ስጡት፣ ገበያውንና ጎረቤቱን የሚያየው ያኔ ነው። በአማርኛ የሚጽፈውን ከፈረንጁ ጋዜጠኛ ኋላ ለ«ሽፋን» ብቻ አትጥሩት። ፖስታም አትስጡ። መልሳችሁ እምቢ ከሆነ በአሥር ቀን ውስጥ በአንድ መስመር ይድረስ፦ «በዚህ ወር ክፍል የለንም፤ ከየካቲት 15 በኋላ እንደገና ጻፉልን» የምትል መስመር ትበቃለች።

ከሰላምታ ጋር
በጉዞ ጽሑፍ አርትዖትና በሕዝብ ግንኙነት የምንሠራ